ከአሥራ አንዱ ሦስቱ፦ የቦምብ አነጣጣሪው ሉዊ ዛምፔሪኒ የጦርነት ዓመታት

ግንቦት 19 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ባለ አራት ሞተር የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ዝቅ ብሎ ይበራል። ከሃዋይ ከተነሳ ሰዓታት አልፈዋል። የወጣው ቦምብ ሊጥል አይደለም። ደብዛው የጠፋ ሌላ አውሮፕላን ሊፈልግ ነው። ውስጡ 11 ሰዎች አሉ።

ድንገት በግራ ክንፍ ጫፍ በኩል ያለው ሞተር ቀጥ አለ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከ11ዱ 8ቱ አልነበሩም። 3ቱ ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል። አንደኛው አብራሪው፣ ሁለተኛው ጅራት ላይ የሚቀመጠው መትረየስ ተኳሽ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቦምብ አነጣጣሪው ሉዊስ ዛምፔሪኒ ነበሩ።

ስለ ዛምፔሪኒ ብዙ ተብሏል። ብዙውን ጊዜ የሚተረከው የአንድ ጀግና ታሪክ ሆኖ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ልቤ የሚቀረው ሦስተኛው ሰው ላይ ነው። እሱ ያልተመለሰው ሰው ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በከፊል ለእሱ ስል ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው። ያ ቀን በእነሱ አቆጣጠር ሜይ 27 ቀን 1943 ነበር።

ሉዊ የተወለደው በ1917 ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። ወላጆቹ ከጣሊያን የመጡ ሰዎች ናቸው። ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ካሊፎርኒያ፣ ቶራንስ ወደምትባል ከተማ ገባ። ልጁ አስቸጋሪ ነበር። ይሰርቃል፣ ይደባደባል፣ ገና በለጋነቱ ሲጋራና መጠጥ ቀምሷል። ታላቅ ወንድሙ ፒት ነው ወደ ሩጫ የገፋው። መግፋት ስል በትክክል ነው፤ ፒት በብስክሌት ከኋላው እየተከተለ፣ ሲያዘግም በዱላ ቸብ እያደረገ ያስሮጠው ነበር። በ1934 አንድ ማይልን በ4 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሮጦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ክብረ ወሰን ሰበረ።

በ1936፣ በ19 ዓመቱ፣ በርሊን ኦሎምፒክ 5,000 ሜትር ሮጠ። 8ኛ ወጣ። የመጨረሻውን ዙር ግን በ56 ሰከንድ ጨረሰው። ለእኛ፣ የኃይሌንና የቀነኒሳን የመጨረሻ ዙር ከወንበራችን ተነስተን እየጮኽን ላየን ሰዎች፣ 56 ሰከንድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። በዚያ ዘመን ደግሞ የዛሬው ጫማም ሆነ የዛሬው መም አልነበረም። አጨራረሱ ስታዲየሙን ስላስገረመው ሂትለር ሳይቀር አስጠርቶ ጨበጠው።

ያ ሩጫ ሲካሄድ አዲስ አበባ በፋሺስት ጣሊያን እጅ ከወደቀች ገና ሦስት ወሯ ነበር። በዚያ 5,000 ሜትር ላይ የእኛ ሰው አልነበረም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ መድረክ የተሰለፈችው ከ20 ዓመት በኋላ በሜልቦርን ነው። የሉዊን ስም መጀመሪያ ያስተዋልኩት በዚህ በኩል ስለሆነ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልኩም።

ሉዊ የሚቀጥለውን ኦሎምፒክ ይጠብቅ ነበር። የ1940ው ለቶኪዮ ተሰጥቶ ነበር፤ በጦርነቱ ምክንያት ተሰረዘ። እሱም ቶኪዮ መድረሱ አልቀረም። የደረሰው ግን እጁን ታስሮ ነው።

በ1941 የአሜሪካ ጦር አየር ክፍል ገባ። የተመደበበት ሥራ ቦምብ ማነጣጠር ነው። ይህ ሰው የሚቀመጠው አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ፣ በመስታወት ተከቦ ነው። ከሥሩ ባሕሩ ወይም ከተማው፣ ከፊቱ ደግሞ የጠላት ፀረ አውሮፕላን ጥይት ወለል ብሎ ይታየዋል። ዒላማው ሲቃረብ አብራሪው መሪውን ይለቅለታል፤ አነጣጣሪው በመነጽሩ አማካይነት አውሮፕላኑን ራሱ ያስተካክላል። በእነዚያ ደቂቃዎች ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማምለጥ የለም። ቀጥ ብሎ መብረር ብቻ ነው።

አውሮፕላኑ ቢ-24 ሊበሬተር ይባላል። ሩቅ ይሄዳል፣ ብዙ ይሸከማል። ለሰፊው ፓስፊክ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ወታደሮቹ ግን የሚበር የሬሳ ሣጥን ይሉት ነበር። ስሙ ከፍርሃት ብቻ የመጣ አይደለም። በዚያ ጦርነት የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ገና በገዛ አገራቸው ሰማይ ላይ፣ በልምምድና በጉዞ ላይ ብቻ 52,651 አደጋ ደርሶባቸው 14,903 ሰዎች ሞተዋል። እነዚህ ሰዎች ጠላት የሚባል በዐይናቸው ሳያዩ ነው የቀሩት። አየር ኃይል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ውጊያው ነው። ብዙዎችን ግን የበላው የተበላሸ ሞተር፣ ጭጋግ፣ ያለቀ ነዳጅና ድካም ነው።

የሉዊ ቡድን አብራሪ ራስል አለን ፊሊፕስ ነበር። ጓደኞቹ ፊል ይሉታል። ድምፁ የማይሰማ፣ የማይደነግጥ ሰው እንደነበረ አብረውት የበረሩት ሁሉ መስክረውለታል። አውሮፕላናቸውን ሱፐር ማን ብለው ሰየሙት። በ1942 የገና ዋዜማ ዌክ ደሴትን ደብድበው ተመለሱ።

ኤፕሪል 1943 ናኡሩ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ሊመቱ ወጡ። ጃፓኖች የፎስፌት ማዕድኗን ይዘውባት ነበር። ሉዊ ቦምቦቹን ጣለ። ወዲያው የጃፓን ዜሮ ተዋጊ አውሮፕላኖች መጡባቸው። መድፍና መትረየስ ሱፐር ማንን ወንፊት አደረጉት። ሉዊ ሥራውን ትቶ ቁስለኛ ማስታመም ጀመረ። ሞርፊን ይወጋል፣ ደም ያቆማል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ያስራል። ከቡድኑ የሚበዙት ቆስለዋል። ፍሬን የሚያሠራው ዘይት ፈስሶ ስላለቀ፣ ሲያርፉ አውሮፕላኑን ይጎትትልናል ብለው ፓራሹት በየመስኮቱ አሰሩ። ፊል እንደምንም ፉናፉቲ የምትባል ደሴት ላይ አሳረፈው። ራዲዮ ኦፕሬተሩ ሃሮልድ ብሩክስ ግን አልተረፈም። መሬት ላይ የአውሮፕላኑን ቀዳዳ ቆጠሩ፤ 594 ሆነ። በማግሥቱ ሌሊት ደግሞ ጃፓኖች ፉናፉቲን ራሷን ደበደቧት። ሱፐር ማን ከዚያ በኋላ አልበረረም።

ይህ ነጥብ ለኋላው ታሪክ ቁልፍ ስለሆነ ትንሽ ልቆምበት። ያ ቡድን ለወራት አብሮ በልቶ፣ አብሮ ተኝቶ፣ እርስ በርስ የተዋወቀ ነበር። ማን በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚያደርግ ሳይነጋገሩ ያውቁታል። ከናኡሩ በኋላ ቡድኑ ተበተነ። ቁስለኞቹ ሆስፒታል ገቡ፣ አውሮፕላኑ ተጣለ። ፊልና ሉዊ ሌላ ስኳድሮን ተመድበው አዲስ ሰዎች ተሰጧቸው። አዲሱ የበረራ መካኒክና የጅራት ተኳሹ ፍራንሲስ ማክናማራ በዚህ አጋጣሚ የመጡ ናቸው። ሉዊ ማክናማራን በቅጡ አያውቀውም ነበር። ሳይተዋወቁ ነው ባሕር ላይ የወደቁት።

ሜይ 27 ቀን የጠፋውን አውሮፕላን የሚፈልግ ሰው ተጠየቀ። የሚነሳው አውሮፕላን ግሪን ሆርኔት ነበር። ሁሉም ይሸሸዋል። ሲበር ጅራቱ ወደ ታች ይጎተታል። ሌሎች አውሮፕላኖች ሲበላሹ መለዋወጫ ከእሱ ይፈታ ነበር። ፊል ደስ አላለውም፤ ቢሆንም የጠፉ ሰዎች አሉና እሺ አለ።

የሆነው ይህ ነው። የሚፈለገውን ለማየት ከደመና በታች ወርደዋል፤ ከፍታቸው 250 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የግራው የዳር ሞተር ሞተ። ሞተር ሲሞት ቶሎ መደረግ ያለበት ነገር አለ። የፕሮፔለሩን ምላጮች በጠርዛቸው ወደ ነፋሱ ማዞር ነው፤ አለዚያ ነፋሱን እንደ ግድግዳ እየገተሩ አውሮፕላኑን ይጎትቱታል። አዲሱ መካኒክ ሮጦ መጣና ቁልፉን ተጫነ። የተጫነው የሞተውን ሳይሆን ጎኑ ያለውን ደህናውን ሞተር ነበር። አሁን በግራ በኩል ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ፣ በቀኝ በኩል ሁለቱም ይሠራሉ። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ተገለበጠ። ከፍታ ቢኖር ስህተቱን ለማረም ጊዜ ይገኝ ነበር። 250 ሜትር ግን ለምንም አይበቃም።

መካኒኩን ለመውቀስ ቀላል ነው። እኔ አልወቅሰውም። በማያውቀው አውሮፕላን፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር፣ በሰከንዶች ውስጥ ነው እጁን የሰደደው። ስህተቱ የአንድ ጣት ይምሰል እንጂ ከሥሩ ብዙ እጅ አለበት። ሰው ሳይለማመድ የደባለቀ አሠራር አለ። አካሉ እየተፈታ ተመልሶ እንዲበር የተላከ አውሮፕላን አለ። የቢ-24 አሠራር ጉዳይም አለ፤ የቦምብ ክፍሉ መዝጊያ ቀጭን ስለሆነ ውሃ ላይ ሲወድቅ ይሰበራል፣ ገላው ይሰነጠቃል።

ሉዊ ከውሃው በታች በሽቦ ተተብትቦ ተያዘ። መንቀሳቀስ አልቻለም። ራሱን ሳተ። ሲነቃ ሽቦው የለም። እንዴት እንደተፈታ እስከ ዕለተ ሞቱ ሊያስረዳ አልቻለም። በጨለማው ውስጥ በእጁ ሲዳብስ የዩኒቨርሲቲ ቀለበቱ መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። በዚያው መስኮት ጀርባውን እየተላጠ ወጣ። የነፍስ አድን ጃኬቱን ነፍቶ ውሃው ላይ ብቅ አለ። ነዳጅ፣ ደምና ዘይት የተቀላቀለበት ባሕር ነበር።

ሁለት የጎማ ጀልባዎች ከአውሮፕላኑ ተፈናጥረው በራሳቸው ተነፍተዋል፤ ሞገዱ እየገፋ ይወስዳቸዋል። ከአንደኛዋ የሚጎተት ገመድ ነበር። ሉዊ ያቺን ገመድ ጨበጠ። ፊል ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ደሙ ይንዠቀዠቃል። ሉዊ ሸሚዝ አስሮ ደሙን አቆመለት። ፊል አውሮፕላኑ ውስጥ አዛዥ እሱ ቢሆንም፣ ከዚህ በኋላ አንተ ምራን አለው። ማክናማራ አልቆሰለም ነበር። ግን እንሞታለን እያለ ይጮህ ጀመር። አላቆም ሲል ሉዊ በጥፊ መታው። ዝም አለ።

ጀልባዎቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር አይሞሉም። አያያዟቸው። ውስጣቸው የተገኘው ጥቂት ቸኮሌት፣ ጥቂት ቆርቆሮ ውሃ፣ የምልክት ሽጉጥ፣ መስታወት፣ የባሕር ማቅለሚያ፣ መንጠቆና የዓሣ ገመድ፣ ሁለት የአየር መንፊያ፣ ፒንሳና የጎማ መለጠፊያ ነው። ቢላዋ የለም። ራዲዮ የለም። ከፀሐይ የሚከልል ጨርቅ የለም። የሕይወት መሣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ዕቃ ይህን ያህል ባዶ መሆኑ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ሰዎቹን ውቅያኖስ ላይ የላካቸው ክፍል ውቅያኖስ ላይ እንደሚወድቁ ያውቅ ነበርና።

ሉዊ ደንብ አወጣ። ጠዋት አንዲት ቁራሽ ቸኮሌት፣ ማታ አንዲት ቁራሽ፣ ውሃ ሁለት ሦስት ጉንጭ። ቸኮሌቱ ወታደር ለጣፋጭነቱ ብሎ ቶሎ እንዳይጨርሰው ሆን ተብሎ ጣዕሙ የደበዘዘ ነበር። ለቀናት እንዲበቃቸው አሰቡ።

በመጀመሪያው ሌሊት ሁለቱ ሲያንቀላፉ ማክናማራ ቸኮሌቱን ሙልጭ አድርጎ በላው።

ጠዋት ሉዊ ሲከፍት ባዶ ነው። ማክናማራን አየው። የማክናማራ ዐይን ሁሉንም ተናገረ። ሉዊ ብዙ አልተቆጣም። እናገኛለን፣ ቶሎ ይወስዱናል ብሎ ራሱን አጽናና። የፍለጋ አውሮፕላኖች በእርግጥም መጡ። በላያቸው አለፉ። ርችት ተኮሱ፣ ውሃውን አቀለሙ። ማንም አላያቸውም። ሞገዱ ከፍለጋው ክልል አውጥቷቸው ወደ ምዕራብ ይነዳቸው ነበር።

ቀኑ እንዲህ ይውላል። ፀሐይዋ ቆዳቸውን ትልጣለች፤ ከንፈራቸው አብጦ አፍንጫቸውን ይነካል። ሌሊት ይበርዳል። ሻርኮች ከጀልባዋ ሥር ጀርባቸውን ያሻሉ፤ ጎማው ሲርገበገብ ከታች ይሰማቸዋል። ዝናብ ሲመጣ የአየር መንፊያውን የሸራ ከረጢት ቀደው ውሃ ያጠራቅማሉ። አልባትሮስ የተባለ ትልቅ የባሕር ወፍ ጀልባዋ ላይ ሲያርፍ በባዶ እጃቸው ያዙት። ሥጋው ሸተታቸውና የመጀመሪያውን መብላት አቃታቸው፤ መንጠቆ ላይ ሰክተው ለዓሣ ማጥመጃ ተጠቀሙበት። የኋላውን ግን በጥሬው በሉት።

ሉዊ ሰውነት ከመሞቱ በፊት አእምሮ እንዳይሞት ይፈራ ነበር። ስለዚህ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ምግብ ያበስላል፤ በአፉ። የእናቱን ኞኪ ከድንቹ አላላጥ ጀምሮ ይነግራቸዋል። ዱቄቱ ስንት፣ ቅቤው መቼ፣ ድስቱ ምን ያህል ይሙቅ። አንድ ነገር ከዘለለ ያስቆሙታል። አሁን ጨው አልጨመርክም ይሉታል። እሱም ወደ ኋላ ተመልሶ ጨው ይጨምራል። እኔ ይህችን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ቀና እላለሁ። ሦስት የደረቁ ሰዎች፣ ዙሪያቸውን ሻርክ ከቦ፣ ስለ ጨው ይከራከራሉ።

በ27ኛው ቀን አውሮፕላን ሰሙ። ርችት ተኮሱ። አውሮፕላኑ ዞረ። እያለቀሱ እጃቸውን አወናጨፉ። አውሮፕላኑ የጃፓን ቦምብ ጣይ ነበር። መትረየሱን ለቀቀባቸው።

ደጋግሞ ተመላለሰ። ሦስቱም ዘለው ውሃ ውስጥ ገቡ። ከመጀመሪያው በኋላ ፊልና ማክናማራ ለመውረድም ለመውጣትም ጉልበት አልቀራቸውም፤ ጀልባዋ ውስጥ እንደ ሬሳ ተጋደሙ። ሉዊ ብቻ እየገባ እየወጣ፣ ከላይ ጥይት፣ ከታች ሻርክ። ሃዋይ ሳለ ስለ ሻርክ ትምህርት ወስዶ ነበር። ዐይንህን አፍጥጥ፣ ጥርስህን አሳይ፣ ከቀረበህ አፍንጫውን ግፋው ተብሏል። ያንን አደረገ። ተኩሱ ሲቆም አንድም ሰው አልተመታም። ዙሪያቸው ጎማው ሁሉ ተበሳስቶ እነሱ ደህና ነበሩ።

አንደኛዋ ጀልባ አለቀላት። ሁለተኛዋ ትተነፍሳለች። ሻርኮቹ ቀርበዋል። እዚህ ላይ ነው ማክናማራ ሌላ ሰው ሆኖ የተነሳው። አንዱ ይነፋል፣ አንዱ ቀዳዳ ይለጥፋል፣ አንዱ በመቅዘፊያ ሻርክ ያባርራል። ተራ እየገቡ፣ ቀንና ሌሊት። ያ የመጀመሪያ ቀን ሲጮህ የነበረው፣ ቸኮሌቱን የበላው ሰው ተራውን አንድም ጊዜ አልዘለለም። በኋላ አንድ ሻርክ ከውሃው ተወርውሮ አፉን ከፍቶ ወደ ሉዊ መጣ። መቅዘፊያውን አንስቶ መትቶ ወደ ባሕሩ የመለሰው ማክናማራ ነበር። አቅሙ ያለቀ ሰው ነው። ሉዊን ያዳነው እሱ ነው።

ስለ ማክናማራ ሲወራ ግን የሚነሳው ቸኮሌቱ ነው። ይህ ትክክል አይመስለኝም። አንድ ወጣት በመጀመሪያው ሌሊት በድንጋጤ ያደረገው ነገር ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያደረገውን ሊሸፍነው አይገባም። በልቶት ለሁለቱ ያሳጣቸው ጥቂት ቁራሽ ነው። የሰጣቸው ደግሞ ጀልባዋን ነው።

ማክናማራ እየከሳ ሄደ። አንድ ምሽት እሞታለሁ ወይ ብሎ ሉዊን ጠየቀው። ሉዊ ሊዋሸው አልፈለገም። እውነቱን ነገረው። በዚያው ሌሊት አረፈ። 33ኛው ቀን ነበር። ጠዋት ሉዊ ጥቂት የጸሎት ቃል ተናግሮ አስከሬኑን ቀስ ብሎ ወደ ውሃው አወረደው። መሬት ላይ መቃብር የለውም።

ሁለቱ በ46ኛው ቀን ደሴት አዩ። በ47ኛው ቀን የጃፓን ጀልባ ማርሻል ደሴቶች ውስጥ ያዛቸው። 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሳፍፈው መጥተዋል። ክብደታቸው በግማሽ ቀንሷል፤ መቆም አይችሉም። መጀመሪያ የያዟቸው ወታደሮች ምግብ ሰጥተው በደህና ተንከባክበዋቸዋል፤ ይህን ሉዊ ራሱ አልደበቀም። ከዚያ ኳጃሊን ወደምትባል ደሴት ተላኩ። እዚያ ሉዊ የተዘጋበት ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ የ9 የአሜሪካ ማሪኖች (የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደሮች) ስም ተቀርጿል። ከእሱ በፊት የነበሩ እስረኞች ናቸው፤ ሁሉም አንገታቸው ተቀልቷል። እሱም ስሙን ከሥራቸው ጻፈ። መድኃኒት እየወጉ ሞከሩበት። እሱንና ፊልን ያልገደሏቸው የኦሎምፒክ ሯጭ መሆኑን አውቀው ለፕሮፓጋንዳ ስለፈለጉት ነው ብሎ ያምን ነበር።

ጃፓን ሲደርስ ኦፉና ወደሚባል የምርመራ ካምፕ ገባ። የዚያ ካምፕ እስረኞች ለቀይ መስቀል አይመዘገቡም። ስለዚህ ለዓለም እሱ የለም። ከጠፋ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሲሞላ የአሜሪካ ጦር ሞቷል ብሎ አወጀ። ቤተሰቡ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ስም የተፈረመ የሐዘን ደብዳቤ ደረሰው። እናቱ ግን ልጄ አልሞተም ብለው ድርቅ አሉ።

ከኦፉና በኋላ ኦሞሪ የተባለ ካምፕ ገባ። ጠባቂውን ሙትሱሂሮ ዋታናቤን ያገኘው እዚያ ነው። እስረኞቹ ወፉ ይሉታል፤ ስሙን ሰምቶ እንዳይቀየማቸው ያወጡለት ቅጽል ነው። በየቀኑ ሉዊን እየፈለገ ይመታዋል። በኖቬምበር 1944 የቶኪዮ ራዲዮ ለቤተሰቡ መልእክት እንዲያስተላልፍ ፈቀደለት፤ መልእክቱም ለቤተሰቡ ደረሰ። ከዚያ የተጻፈ ፕሮፓጋንዳ አንብብ፣ ጥሩ ምግብና አልጋ ታገኛለህ አሉት። እምቢ አለ። ናኦኤትሱ ወደሚባል በረዷማ ካምፕ ተላከ። በሩ ላይ የጠበቀው ያው ዋታናቤ ነበር። እዚያ ካምፕ ከ300 አውስትራሊያውያን 60ዎቹ ሞተዋል። አንድ ቀን ዋታናቤ ከባድ ግንድ ከራሱ በላይ አንስቶ እንዲይዝ አዘዘው፤ ሰዓት ሲቆጥር የነበረ እስረኛ እንዳለው 37 ደቂቃ ያዘው።

ኦገስት 1945 እስረኞቹ ወንዝ ውስጥ ገላቸውን ሲታጠቡ አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መጣ። መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገ። ከእስረኞቹ መካከል ምልክቱን የሚያነብ ሰው ነበር። ጦርነቱ አልቋል ይላል። ራቁታቸውን ውሃው ውስጥ ይዘሉ ጀመር።

ፊል ራሱም ተርፏል። ከሉዊ ተለይቶ፣ እስረኞች መዳብ የሚያወጡበትን አሺዮን ጨምሮ በሌሎች ካምፖች ቆይቶ ተመለሰ። በኋላ መምህር ሆነ። ብዙ አላወራም፣ ብዙም አልተጠየቀም። በ1998 አረፈ።

ሉዊ ቤቱ የገባው በኦክቶበር 1945 ነው። ሁሉም ጀግና አለው። ሌሊት ግን ዋታናቤ ይመጣል። በሕልሙ ያንቀዋል፤ አንድ ሌሊት ሲነቃ የያዘው የነፍሰ ጡር ሚስቱን አንገት ነበር። መጠጥ ላይ ወደቀ። ጃፓን ተመልሶ ዋታናቤን ለመግደል ገንዘብ ማጠራቀም ሁሉ ሞከረ። በዚያ ዘመን ለዚህ በሽታ ስም የሰጠው፣ ኑ እናክማችሁ ያለ ማን ነበር? ሜዳልያ ሰጥተው ቤቱ ላኩት። ሚስቱ ልትፈታው ወስና ነበር። በ1949 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ይሰብክ ወደነበረው ቢሊ ግርሃም እየጎተተች ወሰደችው። መጀመሪያ ተናዶ ወጣ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ጀልባዋ ላይ በውሃ ጥም ሲቃጠል የገባው ስእለት ትዝ አለው፦ ካተረፍከኝ አገለግልሃለሁ ብሎ ነበር። ያን ማታ ቤቱ ሲገባ ያለውን መጠጥ ሁሉ ደፋው። ዋታናቤ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በሕልሙ አልመጣም ብሏል።

በ1950 ቶኪዮ ሄደ። ሱጋሞ እስር ቤት ውስጥ የጦር ወንጀለኛ ተብለው የታሰሩ የቀድሞ ጠባቂዎቹን አገኘ። አቀፋቸው። ዋታናቤ ግን እዚያ አልነበረም። በጥብቅ ከሚፈለጉት 40 የጃፓን የጦር ወንጀለኞች መዝገብ ውስጥ 23ኛ ሆኖ እየተፈለገ ተደብቆ ነበር። በ1952 ክሱ ሲነሳ ከተደበቀበት ወጣ። እስከ 2003 በነፃነት ኖሮ ሞተ። ይህን እዚህ የምጽፈው ይቅርታው ፍርዱን እንዳልተካው ግልጽ እንዲሆን ነው። ሉዊ ይቅር ማለቱ የሉዊ ነው። የተገደሉትና የተሰቃዩት ሌሎች እስረኞች ፍትሕ ግን ገና ያኔውኑ ጠፍቷል።

በጃንዋሪ 1998 ናጋኖ የክረምት ኦሎምፒክ ሊጀመር ነው። ችቦው ናኦኤትሱ ባለበት ከተማ ያልፋል። ሉዊ ተጋበዘ። ዋታናቤን ለማየት ጠይቆ ነበር፤ ዋታናቤ እምቢ አለ። ይቅር ብየሃለሁ የሚል ደብዳቤ ጽፎ ላከለት።

81 ዓመት ሊሞላው 4 ቀን ቀርቶት ነበር። ከዚህ በፊት በዚያ መንገድ የተመላለሰው የድንጋይ ከሰል ሲሸከም ነው። አሁን ግራና ቀኙ በረዶ ተቆልሏል፤ የጃፓን ሕፃናት ተሰልፈው ያጨበጭባሉ። ነጭ ልብስ ለብሶ ችቦውን ከፍ አድርጎ ያዘ። ከዚያም ሮጠ።